ከቃሬዛ እስከ አምቡላንስ

በደጋም ሆነ በቆላ፥ ባላገሩ በሚኖርበት ስፍራ ሁሉ፥ ሕመምተኛ ከመደቡ መነሣት ባቃተው ጊዜ አስቀድሞ የሚፈለገው ሐኪም አይደለም፤ ትከሻ ነው። ሐኪሙ ሩቅ ነው፤ ጎረቤት ግን ቅርብ ነው። ጥሪው በተሰማ ጊዜ የሚያርሰው በሬውን ይፈታል፥ የሚያበራየው አውድማውን ለልጅ አደራ ይሰጣል፥ ገበያ ሊወርድ የተነሣውም ጭነቱን አራግፎ ወደ ሕመምተኛው ደጅ ይመጣል። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ ሰዎቹን በቁመት እያስተያየ፥ እገሌና እገሌ በፊት፥ እገሌና እገሌ በኋላ ግቡ ብሎ ይመድባል፤ ቁመታቸው ያልተመጣጠነ እንደ ሆነ ሕመምተኛው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላልና። ለዚህ ሥራ ሹመት አልወጣለትም፥ ታሪክ ጸሐፊም አልቆመለትም። ዳሩ ግን ዛሬ በየወረዳው መብራቱን እያበራ የሚሮጠው አምቡላንስ የሚባለው መኪና በኢትዮጵያ ምድር ታናሽ ወንድም ነው እንጂ በኵር አይደለም። በኵሩ ቃሬዛ ነው።

ቃሬዛ የሚሠራበት ዕቃ ከየቤቱ የሚገኝ ነው። ሁለት ረጃጅም አጣናዎች ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ በመካከላቸው አጫጭር እንጨቶች ይረበረባሉ፤ መጋጠሚያውም በመጫኛ ወይም በልጥ ጠብቆ ይታሰራል። በላዩ ጀንዲ ወይም ሰሌን ይነጠፋል፤ ሕመምተኛው ጋቢ ተከናንቦ ይጋደምበታል፤ እንዳይንሸራተትም ወገቡን በመቀነት ያስሩታል። በአንድ ጊዜ የሚሸከሙት አራት ሰዎች ናቸው፤ የሚከተሉት ግን ከዚያ እጥፍ ወይም ከእጥፍ በላይ ይሆናሉ፥ ሸክሙ በተራ ነውና። ቁልቁለት በሆነ ጊዜ የፊተኞቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ከፍ ያደርጋሉ፥ የኋለኞቹ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ዳገት በሆነ ጊዜ ይህ ይገለበጣል። ወንዝ ሲያጋጥም ቃሬዛው ከትከሻ ወደ ራስ ይነሣል። ሌሊት እንደ ሆነ አንዱ ችቦ ይዞ ይቀድማል፥ ሌላውም በሶና ቆሎ በአቁማዳ ይዞ ይከተላል። በመንገድ የተገኘ እንግዳ ሰው እንኳ አንድ ተራ ሳይሸከም አያልፍም፤ ቢያልፍ ነውር ነው። በጣና ደሴቶች የሚኖሩት ደግሞ ቃሬዛቸውን እስከ ውኃው ዳር አድርሰው ሕመምተኛውን በታንኳ ያሻግሩታል፥ ከወዲያኛው ዳርም እንደ ገና በትከሻ ይቀበሉታል።

ይህ ሥራ በፈቃድ ብቻ የሚደረግ ምጽዋት አይደለም፤ ሕግ አለበት። በሸዋ ዕድር፥ በወሎ ቅሬ የሚባለው ማኅበር፥ በሌላም አገር በቃሬዛ ስም ራሱን ችሎ የቆመ ማኅበር፥ ተጠርቶ የቀረውን አባል ይቀጣዋል። ቅጣቱ ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ባላገሩ የሚፈራው ግን ገንዘቡን አይደለም። ዛሬ የጎረቤቱን ቃሬዛ ያልተሸከመ ሰው፥ ነገ የራሱ እናት ወይም ሚስት በታመመች ጊዜ ደጁ ጭር ይልበታል። በብዙ ቀበሌም ሕመምተኛውን ወደ መድኃኒት የሚወስደውና ሬሳውን ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሰው ያው አንድ ማኅበር ነው፤ አንዳንዴም ያው አንድ ቃሬዛ ነው። ሕመምተኛው ቃሬዛው ከደጁ ሲቀርብ ባየ ጊዜ፥ ገና አልሞትሁም ብሎ እንቢ የሚለው ስለዚህ ነው።

በወንጌል የተነገረላቸው ሁለት ድውያን አሉ። የቅፍርናሆሙ ሽባ አራት ተሸካሚዎች ነበሩት፤ ሰዎቹም በሕዝቡ ብዛት መግቢያ ባጡ ጊዜ የቤቱን ጣራ ነድለው አወረዱት። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር የተኛው መፃጕዕ ግን 38 ዓመት የቆየው ውኃው ስለ ራቀው አይደለም፤ ውኃው ከአጠገቡ ነበረ፤ የሚያወርደው ሰው ስለ ታጣ ነው። ባላገሩ ወደ ዕድር የሚገባው እንደ ሁለተኛው ሰው እንዳይሆን ነው።

ስለ ቃሬዛ ደግነት ይህን ያህል ከተነገረ ዘንድ ጉድለቱንም መሰወር አይገባም። ቃሬዛ ይዘገያል፤ ከዚህም የሚከፋው ዘግይቶ መጠራቱ ነው። ምጥ የያዛት ሴት በብዙ አገር ልማድ ከቤትዋ አትወጣም፤ አዋላጂቱና ሽማግሌዎቹ ሴቶች ከበው ይጸልዩላታል፥ ሆድዋን ያሹላታል፥ ነገ ትገላገላለች ይላሉ። ሁለት ሌሊት ካለፈ በኋላ፥ ድምፅዋ ሲደክም፥ ያን ጊዜ ወንዶቹ ይጠራሉ። ከዚያ አጣናው ይፈለጋል፥ መጫኛው ይለመናል፥ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ከዚያም የግማሽ ቀን ወይም የሙሉ ቀን መንገድ ይጀመራል። ከወለደች በኋላ ደም የሚፈስሳት ሴት ግን፥ ሐኪሞች እንደሚሉት፥ ጤነኛ ሆና ሳለች በሁለት ሰዓት ውስጥ ልትሞት ትችላለች። ሁለት ሰዓት ለቃሬዛ ምንድር ነው? ከአንድ ሸንተረር ወደ ሌላው ሸንተረር መሻገሪያ ነው። እንግዲህ በስንቱ መንገድ ላይ ቃሬዛው ከመካከል ዞሮ፥ ለሕክምና የወጡት ሰዎች ለቀብር እንደ ተመለሱ የሚቈጥረው ማን ነው? በጎረቤት ዘንድ ፍቅር አልጐደለም፤ የጐደለው ጊዜ ነበረ።

አምቡላንስ የሚለው ቃል ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከዚህ ሁሉ ጋር ዝምድና ሳይኖረው ነው። ቃሉ ከላቲን የወጣ ሲሆን መሠረቱ መሄድ፥ መመላለስ ማለት ነው፤ ፈረንሳውያንም ጦርን እየተከተለ የሚሄደውን ሆስፒታል፥ ተንቀሳቃሽ ሆስፒታል ለማለት፥ በዚህ ቃል ጠሩት። በአገራቸው በተነሣው አብዮት ዘመን፥ በ1785 ዓ.ም. ገደማ፥ ላሬ የሚባለው የጦር ሐኪም ቁስለኞች ውጊያው እስኪያልቅ ድረስ በሜዳ ወድቀው መቆየታቸውን አይቶ፥ በፈረስ የሚሳቡ ቀላል ሠረገላዎችን አዘጋጅቶ በውጊያው መካከል ያነሣቸው ጀመር። ከዚህ በኋላ በ1851 ዓ.ም. አንሪ ዱናን የሚባለው የስዊስ ነጋዴ በኢጣልያ አገር በሶልፌሪኖ ጦር ሜዳ ያለ ረዳት የወደቁትን ብዙ ሺህ ቁስለኞች ስላየ፥ የቀይ መስቀል ማኅበር እንዲቆም ምክንያት ሆነ፤ በ1856 ዓ.ም. በጄኔቫ የተፈረመውም ውል ቁስለኛውን፥ ሐኪሙንና የሕሙማን ማመላለሻውን ማንም እንዳይነካ አዘዘ። ልብ ላለው ሰው ይህ ውል ከዕድሩ ሕግ ጋር አንድ ሐሳብ ነው። ልዩነቱ ዕድሩ ጎረቤት ለጎረቤት የሚገባው መሆኑ፥ የጄኔቫው ግን ጠላት ለጠላት የሚገባው መሆኑ ነው።

በ1927 ዓ.ም. ክረምት የኢጣልያ ጦር በወሰን ላይ ሲከማች ኢትዮጵያ የራስዋን የቀይ መስቀል ማኅበር አቆመች፤ የተመሠረተበትም ቀን ሐምሌ 1 ነው። በጄኔቫ ያለው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ማኅበሩን የተቀበለው መስከረም 15 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲሆን፥ ጠላት መረብን የተሻገረው በዚያው ወር በ22 ነው። ስለዚህ ማኅበሩ በዓለም ፊት ታውቆ በሰላም የኖረው ሰባት ቀን ብቻ ነበረ። ከስዊድን፥ ከኖርዌ፥ ከእንግሊዝ፥ ከሆላንድ፥ ከፊንላንድና ከግብጽ አምቡላንሶች መጡ። በዚያን ጊዜ አምቡላንስ ቢባል አንድ ኦቶሞቢል ማለት አልነበረም፤ ድንኳኑ፥ የቀዶ ሕክምናው ገበታ፥ መድኃኒቱ፥ ሐኪሞቹ፥ ቁስል አጣቢዎቹ፥ የጭነት ኦቶሞቢሎቹ፥ መንገድ በጠፋበትም በቅሎዎቹ፥ ሁሉም በአንድነት አንድ አምቡላንስ ይባሉ ነበር። ሐኪሞቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ቁስለኛውን ከወደቀበት አንሥተው ወደ ድንኳኑ የሚያደርሱት ግን ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የሐኪሞቹ ስም በየመጽሐፉ ይገኛል፤ የተሸካሚዎቹ ግን አይገኝም፤ በዚህም የቃሬዛ ዕጣ ከነሱ ጋር እስከ ጦር ሜዳ ተከተለ።

ምልክቱም አላዳናቸውም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ ከአየር በተደበደበች ጊዜ ቀይ መስቀል የተሣለበት ሆስፒታል ተመታ። ታኅሣሥ 20 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች በገናሌ ወንዝ አጠገብ በመልካ ዲዳ የሰፈረውን የስዊድን አምቡላንስ ደበደቡ፤ የአምቡላንሱ አለቃ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቈሰለ፥ ጉናር ሉንድስትሮም የሚባለው ረዳቱ ሞተ፥ በድንኳኑ ውስጥ የተኙ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞችም በተኙበት ተገደሉ። የካቲት 25 ቀን ደግሞ በቆረም አጠገብ የእንግሊዙ አምቡላንስ፥ ሰፊ የቀይ መስቀል ሰንደቅ ተዘርግቶ ሳለ፥ ቦምብ ወረደበት። ወታደሩ ይህን ካየ በኋላ ከምልክቱ ጥግ መጠለልን ትቶ ከምልክቱ መራቅን ቢመርጥ የሚወቅሰው ማን ነው?

የእንግሊዙ አምቡላንስ አለቃ ዶክተር ጆን ሜሊ ግን ከቦምቡ ተርፎ አዲስ አበባ ደረሰ። ሚያዝያ 25 ቀን ከተማይቱ በዝርፊያና በእሳት ስትታመስ፥ በጭነት መኪና እየዞረ በየጎዳናው የወደቁትን ሲለቅም፥ ከዘራፊዎቹ አንዱ በጥይት መታው፤ ሚያዝያ 27 ቀን፥ ጠላት ከተማይቱን በያዘባት ዕለት፥ ዐረፈ። የሞተው በጦር ሜዳ አይደለም፤ በከተማ ውስጥ፥ ዛሬ አምቡላንስ የምንለውን ሥራ ሲሠራ ነው። በኢትዮጵያ የከተማ አምቡላንስን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ጎዳና ቢጀምር አይሳሳትም።

ከነፃነት በኋላ ቃሉ ጠበበ። ድንኳኑ ቀረ፥ በቅሎዎቹ ቀሩ፥ አምቡላንስ ማለት ነጭ መኪና ብቻ ሆነ። የቀይ መስቀል ማኅበር ሥራውን እንደ ገና ጀምሮ መኪናዎቹን በከተሞች አሰማራ፤ 907 በሚባለውም የስልክ ቁጥር የሚጠራው ዛሬም ይኸው አገልግሎት ነው። መኪና ግን መንገድ በሄደበት እንጂ እግር በሄደበት አይሄድም። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያም ወዲያ ለብዙ ዘመን መንገዱ ከተማን ከከተማ ሲያገናኝ በመካከል ያለው ባላገር የጥሩምባውን ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር እንጂ አልደረሰውም። በከተማም ቢሆን ነገሩ የተሟላ አልነበረም። አቶ ክብረት አበበ የሚባሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩ ሰው፥ ሕሙማን በታክሲና በሰው ጀርባ እየመጡ በደጅ ሲሞቱ ማየት ቢሰለቻቸው፥ ቤታቸውን ሸጠው ሦስት መኪና ገዙ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ጠብታ አምቡላንስ የተባለውን ድርጅት አቆሙ። ቤት የሰው ልጅ የመጨረሻ መጠጊያው ነውና፥ ይህን ያደረገ ሰው ምን ያህል ሬሳ ቢያይ እንደ ሆነ መገመት ይቻላል።

የባላገሩ ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽን የሚባለው ሥራ ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሠልጣኝ ሴቶች ተመደቡ፤ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህም መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ እየገዛ ማከፋፈል ጀመረ፤ ምጥ የያዛት እናት ያለ ክፍያ እንድትጓዝበትም ተወሰነ። የእናቶችን ሞት የሚመረምሩ ሰዎች ሦስት መዘግየት አለ ይላሉ፤ አንደኛው ከቤት ለመውጣት መወሰን ነው፥ ሁለተኛው መንገዱ ነው፥ ሦስተኛው ከደረሱ በኋላ ሐኪምና መድኃኒት ማግኘት ነው። መኪናው ሁለተኛውን ሊቈርጥ መጣ። ነገር ግን ማንም ያላሰበውን ሌላ ነገር አደረገ፤ የመጀመሪያውንም አሳጠረው። ቃሬዛ ሲጠራ ሃያ ሰው ከሥራው ይፈታል፥ ስለዚህም ባልየው ሰው ላስቸግር ወይ እያለ እስከ መጨረሻው ያመነታ ነበር። ስልክ ለመደወል ግን የሚፈታ በሬ የለም።

ሥራው የሚካሄደው እንዲህ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቀበሌው ያሉትን ነፍሰ ጡሮች ታውቃለች፥ የመውለጃቸውንም ወር በመዝገብ ትጽፋለች። ምጡ ሲጀምር ባልየው ወይም ጎረቤት ለእርስዋ ወይም ለሾፌሩ ይደውላል፤ የሾፌሩም ስልክ በጤና ኬላው ግድግዳና በብዙ ሰው ቃል ላይ ተጽፎአል። መኪናው ከወረዳው ከተማ ሲነሣ ቃሬዛውም ከቤቱ ይነሣል። ሁለቱ የሚገናኙበት ስፍራ የታወቀ ነው፤ የድልድዩ ራስ፥ የገበያው ዋርካ፥ ወይም ጠጠሩ የሚያልቅበት ኬላ። ተሸካሚዎቹ ቀድመው የደረሱ እንደ ሆነ በጥላ አሳርፈው ይጠብቃሉ፤ መኪናው የቀደመ እንደ ሆነ ሾፌሩ ጥሩምባውን እየነፋ ወደ ሸንተረሩ ይመለከታል። በክረምት ጭቃው መኪናውን ሲይዘው የመገናኛው ስፍራ ወደ ከተማው ይቀርባል፥ የትከሻውም መንገድ ይረዝማል። እንግዲህ አምቡላንሱ ቃሬዛን ሻረው የሚሉ ሰዎች የከተማ ሰዎች ናቸው። አምቡላንሱ የቃሬዛውን መንገድ አሳጠረው እንጂ አላስቀረውም፤ ከመደቡ እስከ መንገዱ ያለውን የሚሸከም ማኅበር በሌለበት ቀበሌ መኪናው ከድልድዩ ራስ ቆሞ ባዶውን ይመለሳል።

ቍጥሩም የሚናገረው አለ። በ1997 ዓ.ም. በመላ አገሩ በተደረገው ጥናት ከመቶ ልጆች በጤና ተቋም የተወለዱት 5 ብቻ ነበሩ፤ በ2003 ዓ.ም. 10፥ በ2008 ዓ.ም. 26፥ በ2011 ዓ.ም. 48 ሆኑ። በ1992 ዓ.ም. ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ልጆች ጋር ሲነጻጸር የሚሞቱት እናቶች 871 ነበሩ፤ በ2003 ዓ.ም. 676፥ በ2008 ዓ.ም. 412 ተባሉ። ይህን ሁሉ የመኪናው ሥራ ነው ማለት ግን ሐሰት ይሆናል፤ ጤና ጣቢያ ተሠርቶአል፥ አዋላጆች ሠልጥነዋል፥ ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ገብተዋል። የመኪናውን ድርሻ ለብቻው ለማወቅ የሚፈልግ ሰው በ2005 ዓ.ም. ገደማ በትግራይ የተደረገውን ምርመራ ይመልከት፤ በአምቡላንሱ ከአማካዩ አብልጠው በተገለገሉት ወረዳዎች የእናቶች ሞት ከ100,000 149 ሲሆን፥ ከአማካዩ ባነሱት 350 ሆኖ ተገኝቶአል።

ከመኪናው የሚበልጥ ብልሃትም አልታጣም። በጉራጌ ምድር ከወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ፥ በምጥ ሊቸገሩ ይችላሉ የተባሉ እናቶች ቀናቸው ሳይደርስ መጥተው በግቢው ውስጥ እንዲቀመጡ የማቆያ ቤት ሠራ። በ22 ዓመት ውስጥ የተሰበሰበው መዝገብ እንደሚያሳየው፥ በማቆያው ከነበሩት ዘንድ የሞቱት እናቶች በ100,000 90 ያህል ሲሆኑ፥ ከቤታቸው በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 1,333 ነበሩ። ከቤት የሚመጡት ብዙዎቹ ነገሩ ከከፋ በኋላ የመጡ ስለሆኑ ሁለቱን አስተካክሎ መመዘን አይቻልም፤ ቢሆንም ልዩነቱ የሚያስደነግጥ ነው። ይህ ማቆያ በኋላ ወደ ብዙ ጤና ጣቢያ ተስፋፋ፤ ጎረቤቶችም ትከሻቸው ባረፈ ጊዜ እህል ያዋጣሉ፥ ለወለደችውም እንደ ቤትዋ ገንፎ ይገነፋል። ለባላገር ሴት ገንፎ የሌለበት አራስ ቤት አራስ ቤት አይደለምና ይህ እንደ ቀላል ነገር መታየት የለበትም።

በመኪናው ላይ የሚነሣው ወቀሳ ብዙ ነው፥ እውነትም አለበት። ነዳጅ ያልቃል፥ በጀቱም ከነዳጁ አስቀድሞ ያልቃል። ጎማ በጠጠር ተቀዶ መለዋወጫ እስኪመጣ ወር ይፈጃል። አንድ መኪና ለአንድ ሰፊ ወረዳ ሲሆን ሁለት እናቶች በአንድ ሌሊት ሁለት አቅጣጫ ያማጡ እንደ ሆነ ከሁለቱ አንድዋ ወደ ቃሬዛ ትመለሳለች። አንዳንዱም ሹም ለስብሰባ ሲሄድ በአምቡላንስ ሲሄድ ታይቶአል፤ ይህ ኀጢአት ስም ሊወጣለት ይገባ ነበር። ብዙውም መኪና አልጋና ሾፌር አለው እንጂ በመንገድ ደም የሚያቆም ባለሙያ ስለሌለው፥ ሩጫ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ስለ ከተማ ሰዎችም አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ባላገሩ የቃሬዛ መንገደኛ ባየ ጊዜ ከመንገድ ወጥቶ ያሳልፋል፥ ከዚያም ትከሻውን ያቀርባል። በአዲስ አበባ ጎዳና ግን አምቡላንሱ እየጮኸ ከኋላ ሲመጣ ባለመኪናው ፊት ፊቱን ያያል፤ አንዳንዱም የተከፈተለትን መንገድ አገኘሁ ብሎ ከኋላው ተከትሎ ይሮጣል።

ጦርነትም እንደ 1928 ዓ.ም. ሁሉ ተመልሶ መጣ። በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ውጊያው ከተነሣ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የሚባለው ማኅበር 106 የጤና ተቋማትን ጐብኝቶ፥ ከመቶ 70 ያህሉ እንደ ተዘረፉ፥ እንደ ወትሮው የሚሠሩት ከመቶ 13 ብቻ እንደ ሆኑ፥ ከአምቡላንሶቹም አብዛኞቹ በታጠቁ ሰዎች እንደ ተወሰዱ በመጋቢት ወር አስታወቀ። ውጊያው ወደ አማራና ወደ አፋር በሰፋ ጊዜ በዚያም ያሉት ጤና ጣቢያዎች ተመሳሳይ ነገር ደረሰባቸው። ከ1928ቱ የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚያን ጊዜ ምልክቱን የመታው ባዕድ ነበረ። የሰላሙ ውል ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ እስኪፈረም ድረስ፥ ከዚያም በኋላ መኪናዎቹ እስኪተኩ፥ መንገዱ ወዳለበት የሚያደርሰውም ከመንገዱ ወዲያ የሚያደርሰውም ያው አንድ ትከሻ ሆነ። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም ነበር፤ ቃሬዛ ነዳጅ አይጠይቅምና፥ ማንም አይዘርፈውምና።

ዛሬም በየሸንተረሩ ሥራው ይቀጥላል። ሕመምተኛዋ ወደ መኪናው ከተሻገረች በኋላ እናትዋና ባልዋ አብረው ይገባሉ፤ ሌላው ሁሉ ከመንገዱ ዳር ይቀራል። ሾፌሩ በሩን ከመዝጋቱ በፊት ከቀሪዎቹ የአንዱን ስልክ ቍጥር ይቀበላል፤ ከሆስፒታል ደም የሚሰጥ ዘመድ ያስፈለገ እንደ ሆነ በዚያው ሌሊት ይደውልለታልና። ከዚያ በኋላ ሰዎቹ መጫኛውን ፈትተው ለባለቤቱ ይሰጣሉ፤ ሁለቱን አጣና ሁለት ሰዎች በትከሻቸው ይዘው፥ ስልኩን የያዘው ሰው ከፊት እየመራ፥ ወደ ቀበሌአቸው ይመለሳሉ።